«የአእምሮ ጤና» ለእኛ፣ «የአእምሮ ሕመም» ለእነሱ

እስቲ ስልካችሁን አውጡና ሁለት ነገር ፈልጉ። መጀመሪያ «የአእምሮ ጤና» ብላችሁ ጻፉ። ጀንበር ስትጠልቅ ዓይኗን ጨፍና የተቀመጠች ሴት፣ እንፋሎቱ የሚወጣ ኩባያ፣ «ራስህን ውደድ» የሚል ጥቅስ፣ «ጭንቀትን የምናስወግድባቸው 7 መንገዶች»፣ «ደስተኛ ሰዎች ጠዋት ጠዋት የማይረሷቸው 5 ነገሮች»… ይመጡላችኋል። አሁን ደግሞ «የአእምሮ ሕመም» በሉ። ፊቱን በሁለት እጁ የሸፈነ ሰው፣ የተቀዳደደ ልብስ፣ ሰንሰለት፣ ጎዳና ላይ ብቻውን ሲያወራ በስልክ የተቀረጸ ምስኪን፣ ከሥሩም የተደረደረ የሳቅ ምልክት።

ልብ በሉልኝ፤ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ስለ ልብ ጤና ያነበበ ሰው ወዲያው ስለ ልብ ሕመም ይነገረዋል፤ ጨው ቀንስ የሚለውና ደረትህን ሲያምህ ሐኪም ዘንድ ሂድ የሚለው ምክር አንድ ገጽ ላይ ነው የሚገኙት። አእምሮ ላይ ስንደርስ ግን ኢንተርኔቱ ለሁለት አገር ይከፈላል። በአንደኛው አገር እኛ አለን፦ ስማርት ስልክ የያዝን፣ ዲግሪ የጫንን፣ «ሰሞኑን ዲፕረስድ ነኝ» የምንል። በሁለተኛው አገር እነሱ አሉ። የእኛ «ጤና» ይባላል፣ የእነሱ «ሕመም»። እኛ እንመከራለን፣ እነሱ ይታያሉ።

የዛሬው ጽሑፌ በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ተጥሎ ስለሚቀረው ሰው ነው። እንበልና ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር የ22 ዓመት ልጅ አለ። ከሦስት ወር ወዲህ ሌሊት አይተኛም። ትምህርቱን እየተወ ነው። ወንድሙ ምግቡ ውስጥ አንድ ነገር የሚጨምርበት ይመስለዋል። ሰው ሳይኖር ስሙ ሲጠራ ይሰማዋል። ይህ ልጅ ስልኩን ከፍቶ የመጀመሪያውን አገር ቢጎበኝ «በጥልቀት ተንፍስ፣ ውኃ ጠጣ፣ መጥፎ ሰዎችን ከሕይወትህ አስወግድ» ይባላል። መጥፎ ሰው ብሎ የሚያስወግደው ወንድሙን ነው! እናቱ ደግሞ ሁለተኛውን አገር ብትጎበኝ ሰንሰለትና ጎዳና ታያለች፤ «የኔ ልጅ እንዲህ አይደለም» ብላ ትዘጋዋለች። እውነቷን ነው፤ ልጇ እንዲያ አይደለም። ገና አይደለም። ችግሩ ያለው «ገና» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

ደበረኝ፣ ድብርት፣ ድባቴ

ቋንቋችንም ራሱ በዚህ ክፍፍል ውስጥ እጁ አለበት። በከተማ አማርኛ ታክሲ ሲጠፋ ይደብራል፣ ፊልሙ ይደብራል፣ ሰውዬውም ራሱ ደባሪ ነው። ሐኪም «ድብርት» ሲል ግን ሌላ ነገር ማለቱ ነው፦ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ደስ የሚለው ነገር ሁሉ ጣዕም ያጣበት፣ እንቅልፍና ምግብ የተዛባበት፣ መሥራትና ማሰብ ያቃተው ሰው። ባለሙያዎቹ ይህን ግራ መጋባት አይተው ነው መሰለኝ «ድባቴ» የሚል ቃል ያመጡልን። ቃሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቡና እየጠጣ «ድባቴ ያዘኝ» የሚል ሰው ስንት አጋጥሟችኋል?

«ጭንቀት»ም ያው ነው። ምጥ የያዛት ሴት ትጨነቃለች፣ ፈተና የደረሰበት ተማሪ ይጨነቃል፣ የቤት ኪራይ የተጨመረበት ይጨነቃል፤ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ በድንገት ልቡ ድው ድው እያለ የሚሞት የሚመስለውም ሰው «ተጨነቀ» ነው የሚባለው። እናም «7 መንገዶች» ሲጻፉ ለየትኛው ጭንቀት እንደተጻፉ ማንም አያውቅም። ጸሐፊውም ጭምር።

በሌላው ጫፍ ያሉት ቃላት ደግሞ የቀልድ ቃላት ናቸው። ለቀቀ፣ ነካ ያደርገዋል፣ ወፈፌ፣ ጨርቁን ጣለ። «አማኑኤል ግባ!» ደግሞ ስድብ ነው። «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» የሚል ትርጉም ያለውን ስም፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረውን ቤት፣ እኛ ሰው ማሳፈሪያ አደረግነው። አሁን አሁን ደግሞ ስድቡን በእንግሊዝኛ አዘምነነዋል፦ ስሜቷ ቶሎ የሚለዋወጥ ልጅ «ባይፖላር ናት»፣ ጫማውን አሰልፎ የሚያስቀምጥ ልጅ «ኦሲዲ አለበት»።

በቀልዱና በጥቅሱ መካከል ቃል የለንም። ቃል የሌለው ነገር ደግሞ አይፈለግም፤ ስልክም ላይ፣ ሐኪም ቤትም።

ይህ ካርታ ከኢንተርኔት በፊትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ቡታጅራ አካባቢ የተሠራ አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው የአካባቢውን ሰዎች የተለያዩ ሕሙማንን ታሪክ እየነገሩ የአእምሮ ሕመም የሚሉት የትኛውን እንደሆነ ጠየቋቸው። ሰዎቹ በሽታ ብለው በብዛት ያወቁት የሚለፈልፈውን፣ የሚደባደበውንና ነገረ ሥራው እንግዳ የሆነውን ነው። ዝም ብሎ የሚያዝነው ሰው ብዙም አልታያቸውም። የከተማ ልጅ ይህን ሲሰማ «የገጠር ሰው» ይል ይሆናል። ቆይ እንጂ! እኛስ ምን ለወጥን? ዝም ብሎ ለሚያዝነው ሰው ጥቅስና ኩባያ አዘጋጀንለት፣ የሚለፈልፈውን ግን እዚያው በነበረበት ተውነው። እንዲያውም በቪዲዮ ቀረጽነው።

ዘጠኙ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው አገር ሰዎች የምንወደው ሌላ ነገር ፈተና ነው። «ድብርት ይኖርብህ ይሆን? በ2 ደቂቃ ውስጥ እወቅ!» ይሄ ነገር በብዛት የሚቀዳው ፒኤችኪው-9 ከሚባል መጠይቅ ነው። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይታረማል፤ ድምሩ 27 ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ፣ ፋይዘር በተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ድጋፍ የተዘጋጀ መጠይቅ ነው። ኩባንያው በዚያን ጊዜ የድብርት መድኃኒት ይሸጥ እንደነበር ማወቅ አይጎዳም። መጠይቁ መጥፎ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሐኪም እጅ ላይ ሲሆን ጠቃሚ መሣሪያ ነው።

ጥያቄው እኛ እጅ ላይ ሲሆን ምን ይሆናል ነው። እንደ እድል ሆኖ መጠይቁ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትልቅ ሆስፒታል በመጡ ታካሚዎች ላይ ተፈትኗል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቷል። 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣውን «ድብርት ሳይኖርበት አይቀርም» ብንል፣ በእውነት ድብርት ካለባቸው 100 ሰዎች 86ቱን ያገኛቸዋል። ጥሩ ነው። ድብርት ከሌለባቸው 100 ሰዎች ግን «የለባችሁም» ብሎ በትክክል የሚያሰናብተው 67ቱን ብቻ ነው።

እስቲ በሒሳብ እንየው። ከእናንተ መካከል 100 ሰው ፈተናውን ወሰደ እንበል፤ ድብርት ያለባቸው 10 ናቸው ብለንም እንነሳ። መጠይቁ ከ10ሩ 9 ያህሉን ይይዛል። ከቀሩት 90 ደግሞ 30 ያህሉን በስሕተት ይይዛል። «አለብህ» ከተባሉት 39 ሰዎች 30ዎቹ የለባቸውም ማለት ነው! ይህ መጠይቅ ወንፊት እንጂ ሚዛን አይደለም። ከወንፊቱ በኋላ ቁጭ ብሎ የሚያነጋግር ሰው አለ ተብሎ ነው የተሠራው። ኢንተርኔቱ ወንፊቱን ሰጥቶን ሰውየውን ደብቆታል።

በቲክቶክም ያው ነው። የካናዳ ሐኪሞች ኤዲኤችዲ ስለሚባለው የትኩረት ችግር የተሠሩ፣ ብዙ የታዩ 100 ቪዲዮዎችን ሰብስበው መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጽሑፍ 52ቱ አሳሳች ሆነው መገኘታቸውን ገለጹ። ያ እንግዲህ ብዙ ሐኪም፣ ብዙ ተቆጣጣሪና ብዙ ተመራማሪ ባለበት በእንግሊዝኛው ዓለም ነው። የእንግሊዝኛውን ቪዲዮ አይቶ በማግስቱ በአማርኛ የሚደግመውን ደግሞ እናንተው ገምቱት።

«እንደ ማንኛውም በሽታ ነው»

ደግ ሰዎች፣ የሙያ ሰዎችም ጭምር፣ ይህን ሁሉ ለማስተካከል አንድ መፈክር አላቸው፦ «የአእምሮ ሕመም እንደ ማንኛውም በሽታ የአንጎል በሽታ ነው።» ብዙ ገጾች ላይ የኬሚካል ሥዕል ይጨመርበታል፤ «ሴሮቶኒን ሲያንስ ድብርት ይመጣል» ይባላል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ሰውየው ሰነፍ ስለሆነ ወይም ኃጢአተኛ ስለሆነ አይደለም ለማለት ነው።

ነገሩ ግን ሁለት ጣጣ አለበት። አንደኛ፣ የሴሮቶኒኑ ታሪክ እንደተነገረን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የአሥርት ዓመታትን ጥናቶች አንድ ላይ ሰብስበው ሲያዩ፣ ድብርት የሚመጣው ሴሮቶኒን በማነሱ ነው ለማለት የሚያበቃ ወጥ ማስረጃ አላገኙም። (አደራ! ይህ ማለት መድኃኒቱ አይሠራም ማለት አይደለም። አስፕሪን የራስ ምታትን የሚያስታግሰው ራስ ምታት የአስፕሪን እጥረት ስለሆነ አይደለም። መድኃኒት የጀመራችሁ ሰዎች ከሐኪማችሁ ሳትመክሩ እንዳታቆሙ።)

ሁለተኛው ጣጣ ይብሳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ2006 ሕዝቡ ተጠይቆ ነበር። በአሥር ዓመቱ ውስጥ «የአንጎል በሽታ ነው» የሚለው ሰው ቁጥር ጨመረ፤ «ሐኪም ጋ ይሂድ» የሚለውም ጨመረ። «ጎረቤቴ ይሁን፣ አብሮኝ ይሥራ» ላይ ሲደረስ ግን መገለሉ አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ጥናት የነገረን ይህንን ነው። ሰውን ከሰው የሚያቀራርበው የአንጎል ሥዕል አይደለም ማለት ነው። «አንጎሉ ተበላሽቷል» ስትሉኝ አዝንለት ይሆናል እንጂ ቤቴን አላከራየውም።

የመጀመሪያው አገርም የራሱ መፈክር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤናን ሲተረጉም ሰው ችሎታውን የሚያውቅበት፣ የኑሮን ጫና የሚቋቋምበት፣ ውጤታማ ሆኖ የሚሠራበትና ለማኅበረሰቡ የሚያበረክትበት ደኅንነት መሆኑን ለዓመታት ሲናገር ኖሯል። ገጾቹ ይህን እየገለበጡ «የአእምሮ ጤና = ውጤታማነት» አደረጉት። ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ቆመው የቤት ክርክር ቀጠሮ የሚጠብቁትን ሰዎች አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንቅልፍ ያጣ ሰው እዚያ ሞልቷል። ታመዋል? አንዳንዶቹ ታመው ይሆናል። አብዛኞቹ ግን ጠበቃ፣ ፍርድና መጠለያ ነው የጎደላቸው። ሰፈር ሲፈርስ እድሩና የቡና ጎረቤቱ አብሮ እንደሚበተን የልደታ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። ለዚያ «በጥልቀት ተንፍስ» ብሎ መመለስ ቀልድ ነው።

ኮሪ ኪይስ የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በጻፋቸው ጽሑፎች ጥሩ ነገር አስረድቷል፦ የአእምሮ ጤናና የአእምሮ ሕመም የአንድ መስመር ሁለት ጫፎች አይደሉም፤ ሁለት መስመሮች ናቸው። ምንም ሕመም የሌለበት ሰው ኑሮው ባዶ ሆኖበት ሊኖር ይችላል። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ደግሞ መድኃኒቱን እየወሰደ፣ እየሠራ፣ እየተጫወተ፣ ቤተሰብ መሥርቶ ሊኖር ይችላል። ይህን ሁለተኛውን ሰው ኢንተርኔቱ ላይ ፈልጉት እስቲ። የለም። በሁለቱም አገር ዜግነት አልተሰጠውም።

ቡታጅራ የነገረችን

የሚገርመው ነገር ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ከአፍሪካ ከተገኙት ትልልቅ ጥናቶች አንዱ የእኛው መሆኑ ነው። ቡታጅራ ላይ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ 68,378 ሰዎች ታይተው ከባድ ሕመም ያለባቸው ተለዩ፤ ከዚያም ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። በስኪዞፍሬኒያ ከተለዩት አብዛኞቹ እስከዚያች ቀን ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር።

ከዚህ ሥራ የወጡ ሦስት ነገሮችን ልንገራችሁ።

አንድ፦ ዶክተር ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው የሕሙማኑን 178 ቤተሰቦች ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳተሙት፣ ከአራት ሦስቱ እኛም እንገለላለን ብለዋል። 37 ከመቶው ቤተሰባቸው ውስጥ ሕመምተኛ መኖሩን መደበቅ ይፈልጉ ነበር። መገለሉ የሚያርፈው ታማሚው ላይ ብቻ አይደለም፤ እህት ትዳር እስክታጣ ድረስ ይሄዳል ብላችሁ አስቡት።

ሁለት፦ ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው 919 ሕሙማንን ለአሥር ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጽሑፍ 121ዱ መሞታቸውን ገለጹ። ሰዎቹ መኖር ከነበረባቸው ዕድሜ 30 ዓመት ያህል ቀድመው ነው የሞቱት። ዋናው ገዳይ ምን ይመስላችኋል? ተላላፊ በሽታ። ሳንባው፣ ሆዱ፣ ትኩሳቱ! «እብድ ነው» ተብሎ ማንም ትኩሳቱን አልለካለትም ማለት ነው። «አእምሮ፣ አእምሮ» እያልን የምንለጥፈው ሥዕል ሰውየው ሰውነትም እንዳለው አስረስቶናል።

ሦስት፦ ሰንሰለቱ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ ቡታጅራ አጠገብ በሶዶ ወረዳ የተሠራ ጥናት ሕሙማን ለምን እንደሚታሰሩ ጠይቆ ነበር። ቪዲዮው ላይ የምናየው ጨካኝ ቤተሰብ ነው። ጥናቱ ያገኘው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ መላ ያጣ ቤተሰብ ነው፤ ልጁ እንዳይጠፋ፣ ሰው እንዳይጎዳ፣ እንዳይጎዳም የፈራ፣ ሕክምናው የራቀው ወይም የተወደደበት። ቪዲዮው ሰንሰለቱን ያሳያል፤ የአውቶቡሱን ዋጋ አያሳይም።

ለዚህ ነው ጎዳናውንና ሰንሰለቱን ብቻ የሚያሳይ መረጃ ውሸት ባይሆንም ያሳስታል የምለው። እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ከጎዳና ሰው ሲያነሱ የምናየው ምስል ልብ ይነካል፤ ሥራቸውም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የምናየው የመጨረሻውን ምዕራፍ ነው። ቲቢን በሬሳ ሣጥን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሲያስለው አይመረመርም። የአእምሮ ሕመምን በጎዳና ብቻ የሚያውቅ ቤተሰብም ልጁ ሦስት ወር ሳይተኛ «ምንም አይደለም፣ ያልፍለታል» ይላል።

ጸበልና ኪኒን

አሁን ወደ አስቸጋሪው ሰፈር እንግባ። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ጥናት ከቤተሰቦቹ 65 ከመቶ ያህሉ የመረጡት መፍትሔ ጸሎት ነበር። እዚህ ልደታም ቢሆን ብዙ እናት ልጇ ሲታመምባት መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ሐኪም አይደለም፤ እኛም ያንን ልንሰድብ አልተነሳንም። ጸበል ሰው ያለበት ቦታ ነው። ታማሚውን «አንተ» ብሎ በስሙ የሚጠራው፣ አብሮት የሚያድር፣ «ትድናለህ» የሚለው ሰው አለ። ስንት ሆስፒታል ይህን ይሰጣል?

የሚገድለው «ወይ ይሄ ወይ ያ» ነው። ዩቲዩብ ላይ «ኪኒኑን ጥዬ ዳንኩ» የሚለው ምስክርነት አለ፤ ወዲያ ማዶ ደግሞ ጸበል የሚሄደውን ሁሉ «ኋላ ቀር» እያለ የሚስቅ አለ። ሁለቱም ተመልካች ያገኛሉ፤ በመካከል ያለችው እናት ግን ሁለቱን አጣምራ መሄድ እንደምትችል የሚነግራት የለም። በእንጦጦ ማርያም የጸበሉ አገልጋዮችና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አብረው መሥራት ጀምረው ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ጸበል የጠጣ መድኃኒቱን ይውጣል፤ መድኃኒት የዋጠም ይጸበላል። ማንም በማንም ላይ አልዘመተም። ይህ ዜና እንደ ምስክርነቱና እንደ ስድቡ ሲዞር ግን አላየሁም። ሰላም አያስጮህም፤ የማያስጮህ ነገር ደግሞ አይለጠፍም።

አድራሻ የሌለው መረጃ

«እና ኢንተርኔቱን እንዝጋው ወይ?» የሚል አይጠፋም። በፍጹም! ለእናቷ መናገር ያልቻለች ልጅ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና «እኔ ብቻ አይደለሁም እንዴ?» ያለችው በዚሁ ስልክ ነው። ስለ ጭንቀቱ አፍ አውጥቶ የሚናገር ወንድ ልጅ በእኔ ትውልድ ጀምሮልናል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥያቄዬ ልጅቷ «እኔ ብቻ አይደለሁም» ካለች በኋላ ወዴት እንደምትሄድ ነው። አብዛኛው የምናነበው ነገር ሕመሙን ይገልጽና በሩ ላይ ጥሎን ይሄዳል። አድራሻ የለውም።

አድራሻው ግን አለ። እዚሁ ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ትምህርት ክፍል በካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አጋዥነት እ.ኤ.አ. በ2003 ስፔሻሊስቶችን እዚሁ አገር ማሠልጠን የጀመረ ነው፤ ከዚያ በፊት ለስፔሻሊቲ ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር። አማኑኤልም ቢሆን ከልደታ ሩቅ አይደለም። ደግሞም ሁሉም ሰው ስፔሻሊስት አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በጤና ጣቢያ የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ቢከታተሏቸው፣ በሆስፒታል በሥነ አእምሮ ነርስ ከሚደረገው ክትትል እንደማያንስ አሳይቷል። ይኸውላችሁ ለ«7 መንገዶች» የሚሆን ትልቅ ዜና፦ ስምንተኛው መንገድ ጤና ጣቢያ ነው። አሠራሩም ከዚያ ይጀምራል፤ ካርድ ታወጣላችሁ፣ ካስፈለገ ሪፈር ይጽፉላችኋል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ስለ አእምሮ የተጻፈ ነገር ስታነቡ አራት ነገር ጠይቁልኝ።

የሚናገረው ማን ነው፣ ምንስ እየሸጠ ነው? ሥልጠና፣ ሻይ፣ ቅባት፣ መጽሐፍ፣ ወይስ የእናንተን ሰዓት?

ለየትኛው ደረጃ ነው የሚያወራው? ለተከፋ ሰው ነው ለታመመ? ሁለቱን ካልለየ ዝጉት።

«ይህ ምክር ካልሠራ፣ ይህን ምልክት ካያችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ» ይላል ወይ? የድብርት መድኃኒት ለመሥራት ሳምንታት እንደሚፈልግ፣ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መጣል እንደማይገባ ይናገራል ወይ?

የመጨረሻው፦ የታመመው ሰው እዚያ ውስጥ ሰው ነው ወይስ ትርኢት? ሳይፈቅድ የተቀረጸ ከሆነ አታጋሩት። እናንተ በትኩሳት ስትቃዡ ቢቀርጿችሁ ትወዳላችሁ?

አንድ ነገር ደግሞ ከአራቱም በላይ ነው። መሞት እፈልጋለሁ የሚል፣ ወይም ከሌለ ድምፅ ጋር የሚሟገት ሰው አጠገባችሁ ካለ የሚያስፈልገው ሊንክ አይደለም። ብቻውን አትተዉት። ዛሬውኑ አብራችሁት ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። «ጠንካራ ሁን» አትበሉት፤ «አብሬህ ነኝ» በሉት።

የአራተኛ ፎቁ ልጅ የውኃ ብርጭቆና ጥቅስ አያድነውም። ሰንሰለትም አይገባውም። የሚያስፈልገው በሁለቱ አገሮች መካከል ያለውን ድንበር አፍርሶ «ይህ ሕመም ነው፣ ይታከማል፣ መንገዱም በዚህ ነው» የሚለው አንድ ሰው ነው። ስልክ የያዝን፣ የምንጽፍ፣ የምንለጥፍ ሰዎች ያን ያህል ለማለት ስፔሻሊስት መሆን አይጠበቅብንም። «እነሱ» ማለት ብናቆም ግማሹ መንገድ ተሄደ ማለት ነው፤ በዓለም ላይ ከ300 ሰው አንዱ ስኪዞፍሬኒያ አለበት። ኮንዶሚኒየማችሁ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር ቁጠሩና አካፍሉት።

ቸር ይግጠመን።